ከባጃጁ በፊት ውሃ፦ ኬሚካል የፈሰሰበት ሠራተኛ የመጀመሪያ አንድ ሰዓት

አዳማ ውስጥ አንድ ሠራተኛ አሲድ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ሲፈስበት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጓደኞቹ ባጃጅ ያስቆማሉ፣ ኬሚካል የነካውን ልብስ እንደለበሰ ይጭኑታል፣ ወደ ሆስፒታል ይከንፋሉ። ሐሳባቸው ቀና ነው። ጉዳቱን የሚያከብደው ግን ይኸው ጥድፊያ ነው። የእሳት ቃጠሎ እሳቱ ጠፍቶ ቆዳው ሲቀዘቅዝ ይቆማል፤ ኬሚካል ግን ከቆዳ ላይ ታጥቦ እስኪወገድ ድረስ ማቃጠሉን አያቆምም። ባጃጁ ውስጥም ይበላል፣ ካርድ ለማውጣት ወረፋ ሲያዝም ይበላል። ሐኪም ዘንድ ሲደረስም የመጀመሪያው ሕክምና ያው ውሃ ነው፤ ዘግይቶ መጀመሩ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ አደጋው በደረሰበት ቦታ፣ በብዛት፣ ለረጅም ጊዜ። ተጎጂው እየታጠበ መኪናው ይምጣ። የቀረው ሁሉ ይህን እንዴት እንደሚያደርጉትና ውሃው በዚያች ደቂቃ እንዳይጠፋ ምን አስቀድሞ እንደሚዘጋጅ ነው።

ምኑ ነው የሚያቃጥለው?

የባትሪ አሲድ ከሲሶ በላዩ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ሳይበረዝ በጀሪካን የሚመጣው ደግሞ እስከ 98 በመቶ ይደርሳል። አሲዱ አዳማ አቅራቢያ አዋሽ መልካሳ ላይ ሲመረት የኖረ ስለሆነ ለአካባቢው ሰው ባዕድ አይደለም፤ መልመዱ ራሱ አደጋ ነው። ሳሙናና ዲተርጀንት የሚሠሩ ቤቶች፣ ጠርሙስ የሚያጥቡ ፋብሪካዎች፣ ጨርቅ የሚያጥቡና የሚያቀልሙ ክፍሎች ኮስቲክ ሶዳ ይጠቀማሉ። ሞጆ ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ኖራ፣ ሶዲየም ሰልፋይድ፣ ፎርሚክ አሲድና ሰልፈሪክ አሲድ አላቸው። በየግንባታው ደግሞ ሲሚንቶ አለ፤ ሰው ኬሚካል ብሎ አይቆጥረውም እንጂ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚያቃጥል አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ ኬሚካል) ነው።

አሲድና አልካሊ የሚጎዱበት መንገድ ይለያያል። አብዛኞቹ አሲዶች የቆዳውን ፕሮቲን አርግተው ቅርፊት ይሠራሉ፤ ወዲያው ያማሉ፣ ቅርፊቱም ወደ ውስጥ መዝለቃቸውን በመጠኑ ያዘገየዋል። እንደ ኮስቲክ ሶዳና ኖራ ያለ አልካሊ ግን የቆዳውን ስብ ወደ ሳሙና ይለውጣል፣ ሥጋውን ያሟሟል፣ እያሟሟ ወደ ታች ይወርዳል። ሰውየው ቆዳው እንደ ሳሙና ሲያሟልጨው ይሰማዋል፤ ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል። «አላመመኝም» ተብሎ የታለፈ ኮስቲክ ሶዳ ማታ ላይ ጥልቅ ቁስል ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። በሕመም መጠን አትፍረዱ።

የመጀመሪያው ደቂቃ

1. ራሳችሁን አድኑ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ ተጎጂውን አትጨብጡ። ወለሉ ላይ የፈሰሰው አሁንም አለ፤ ሮጦ የደረሰው ረዳት አዳልጦት እዚያው ላይ ቢወድቅ ተጎጂዎቹ ሁለት ይሆናሉ። የሚያፍን ጋዝ ካለ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ።

2. ኬሚካሉ ደረቅ ዱቄት ወይም ቅርፊት ከሆነ መጀመሪያ አራግፉ። ውሃ ያልነካው ኖራና ደረቅ ኮስቲክ ሶዳ ጥቂት ውሃ ሲያገኙ ይግላሉ። በደረቅ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ከፊት አርቃችሁ ጥረጉ፤ ሰከንዶች እንጂ ደቂቃዎች አይፍጅ። ከዚያ ወዲያው ውሃ። ዓይን ውስጥ የገባ ዱቄት ግን ማራገፍ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ይታጠባል።

3. ውሃው እየወረደበት ልብሱን አውልቁ። መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ ውሃ አይደለም፤ ሁለቱ እኩል ነው የሚሄዱት። ቱታውን ወይም ቲሸርቱን በራሱ በኩል አትጎትቱ፣ ኬሚካሉን ወደ ፊቱና ዓይኑ ትወስዱታላችሁ፤ በመቀስ ቅደዱት። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ተዉት።

4. ጫማና ካልሲ፣ ቀለበት፣ ሰዓት፣ ቀበቶ ይውለቁ። ከሁሉም የሚረሳው ቦቲ ነው። ከሱሪው የወረደው አሲድ ቦቲው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ላይ ላዩ በደንብ እየታጠበ እግሩ ኬሚካል ውስጥ ተነክሮ ይቆያል። ቀለበት ደግሞ ኬሚካል ይይዛል፣ ጣቱ ሲያብጥም አይወጣም።

5. አንድ ሰው ስልክ ይደውል፣ አንድ ሰው የኬሚካሉን ጀሪካን ወይም መለያውን ይፈልግ። ሦስተኛው ከተጎጂው ጋር ይቆይ፤ ከሕመሙና ከድንጋጤው የተነሳ «በቃኝ» ብሎ ከውሃው ሊወጣ ይችላልና።

ምን ያህል ውሃ፣ ለስንት ጊዜ?

የሚፈስ ውሃ ነው የሚፈለገው። በባልዲ ውስጥ እጅን መንከር ኬሚካሉን እዚያው ያቆየዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ያሰፋዋል። ለአሲድ ከ20 ደቂቃ አያንስም። ለአልካሊ ቢያንስ 1 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ቆዳው ውስጥ የገባው ቀስ እያለ ስለሚወጣ።

«ያልተበረዘ አሲድ ላይ ውሃ ከፈሰሰ ይብሳል» የሚል ፍርሃት አለ። ጥቂት ውሃ ከሆነ እውነት ነው፣ ሙቀት ይፈጠራል። ጎርፍ የሚያህል ውሃ ግን አሲዱንም ሙቀቱንም አብሮ ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ በጆግ አታንጠባጥቡ፤ በውሃ ጎማ ወይም በሻወር፣ ካልተገኘም በተከታታይ ባልዲ አውርዱበት። ግፊቱ ግን አይብዛ፤ መኪና የሚያጥበው የግፊት ማሽን ቆዳን ይገፍፋል፣ ኬሚካሉንም ይረጫል።

የፒኤች ወረቀት (አሲድነትንና አልካሊነትን በቀለም የሚያሳይ፤ 7 መካከለኛ ነው) ካላችሁ እጥበቱን በእሱ ጨርሱ፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ውስጥ መኖር ካለባቸው ነገሮች ዋናው ነው እንላለን። ውሃውን አቁማችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ወረቀቱን እርጥቡ ቆዳ ላይ አሳርፉ። ወዲያው የተለካ ንባብ የውሃውን እንጂ የቆዳውን አይነግራችሁም። ከ7 ርቆ ወደ 9 ወይም ወደ 4 ካሳየ እጥበቱ ይቀጥል።

ረጅም እጥበት ሰውነትን ያቀዘቅዛል። በተለይ ሌሊት ሺፍት ላይ ተጎጂው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ውሃውን ለብ አድርጉት፣ ያልተጎዳውን ገላውን በብርድ ልብስ ሸፍኑ። እጥበቱን ግን አታቋርጡ።

ዓይን

ዓይን ውስጥ የገባ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ኖራ በደቂቃዎች ውስጥ ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል። ያለ መስታወት፣ ያለ ምርመራ፣ ያለ ጥያቄ ወዲያው ይታጠብ።

ተጎጂው ዓይኑን በራሱ መክፈት አይችልም፤ ሽፋሽፍቱ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ሌላ ሰው ንጹሕ ጓንት አድርጎ በሁለት ጣት የላይኛውንና የታችኛውን ሽፋን ፈልቅቆ መያዝ አለበት። የተዘጋ ዓይን ላይ የፈሰሰ ውሃ ሽፋሽፍት ነው ያጠበው። የተጎዳው ዓይን ወደ ታች እንዲሆን ጭንቅላቱን አዘንብሉት፤ ውሃው ከአፍንጫው በኩል ተነስቶ ወደ ጆሮው ይውረድ። አለበለዚያ ደህናው ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይኑን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ እንዲያንከባልል ንገሩት፤ ከሽፋኑ ሥር የተሸጎጠ የኖራ ቅንጣት እዚያ እስካለ ድረስ ማቃጠሉን ይቀጥላልና የሚታይ ካለ በረጠበ ጎዝ ወይም በጥጥ ጫፍ ይውጣ። ኮንታክት ሌንስ ካለ ውሃው እየወረደ ይውጣ፤ እምቢ ካለ ጊዜ አትፍጁበት።

ቢያንስ 30 ደቂቃ። የጤነኛ ዓይን ፒኤች ከ7 እስከ 7.4 ገደማ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ ይታጠባል። ከዚያም ሁልጊዜ፣ ቢሻለውም ጭምር፣ የዓይን ሐኪም ይየው። በመንገድ ላይ እጥበቱ እንዳይቋረጥ 1 ሊትር የሚይዙ የኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ከረጢቶች ከነመስመራቸው በክሊኒካችሁ አስቀምጡ፤ መስመሩን ከፍታችሁ እያንቆረቆራችሁ ትሄዳላችሁ። ሳላይን እስኪመጣ ብሎ መጠበቅ ግን የለም፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል።

የማይደረጉ ነገሮች

አሲድን በአልካሊ፣ አልካሊን በአሲድ ለማርከስ አትሞክሩ። ሎሚና ኮምጣጤ ኮስቲክ ሶዳ ላይ፣ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የሳሙና ውሃ አሲድ ላይ ሲደረግ ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል፤ በኬሚካል ቃጠሎ ላይ የሙቀት ቃጠሎ ይጨመራል፣ እጥበቱም ይዘገያል። ወለል ላይ የፈሰሰ አሲድ በሶዳ ሊረክስ ይችላል፤ ሰው ግን ወለል አይደለም።

ቅቤ፣ ኮልጌት፣ ቫዝሊን፣ እንቁላል፣ ማር አይቀባም። ቅባት የቀረውን ኬሚካል ቆዳው ላይ ያሽገዋል። ጂቪም አይቀባ፤ ሐምራዊው ቀለም የቁስሉን መልክ ስለሚሸፍን ሐኪሙ ጥልቀቱን ማንበብ ያቅተዋል። ውሃ የቋጠረ ቦታ አይፈረጥ። በረዶ አይደረግ።

ኬሚካል የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ጉሮሮ ሲወጣ ዳግም ይቃጠላል። አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ፣ ወተትም ሆነ ሌላ ማርከሻ አትጋቱት፣ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።

ለየት የሚሉት

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በአንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያ፣ የአሉሚኒየም ማጽጃና የመስታወት ሥራ ኬሚካሎች ውስጥ አለ። የተበረዘው ሲነካ ላያምም ይችላል፣ ሕመሙ እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም ያስራል፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል። መለያው ላይ ይህ ስም ካለ የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ቃጠሎም ድንገተኛ ነው። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ከውሃ በተጨማሪ 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ነው፤ 5 ደቂቃ ያህል ካጠባችሁ በኋላ በጓንት እያሻችሁ ቀቡ፣ ጄሉ ከሌለ እያጠባችሁ ሂዱ። ይህን አሲድ የሚጠቀም ቤት ጄሉን ሳይገዛ ጀሪካኑን መክፈት የለበትም።

ሲሚንቶ ሌላ ጸባይ አለው። አርማታ ሲሞላ ተንበርክኮ የሠራ፣ ወይም አርማታ ቦቲው ውስጥ ገብቶበት እስከ ማታ የቆየ ሰው ጉልበቱና እግሩ ላይ ጥልቅ ቁስል ያገኛል። የራሰው ሱሪ እዚያው ይውለቅ፣ ገላው ይታጠብ፤ ለምሳ ሰዓት አይቆይ።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በቆዳ ፋብሪካ ሶዲየም ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ገዳይ የሆነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። ያፈነው ሰው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ደህና ቢመስልም የሳንባው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ወርዶ ለማውጣት መሞከር ሁለተኛውንም ይገድላል።

ወደ ሆስፒታል

ከእጥበቱ በኋላ ቁስሉን በንጹሕ፣ ደረቅ፣ በማይጣበቅ ጎዝ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ፊት፣ ዓይን፣ እጅ፣ እግር፣ ብልትና መገጣጠሚያ ላይ ያለ ቃጠሎ፣ ከተጎጂው መዳፍ የሚሰፋ (ከነጣቶቹ መዳፍ የገላ 1 በመቶ ገደማ ነው)፣ ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን የከበበ፣ ነጭ ወይም ቆዳ ጫማ መስሎ የደነዘዘ፣ እንዲሁም የአልካሊ ቃጠሎ ሁሉ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባትም ይጠየቅ።

አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ያያል፤ ከባዱ ቃጠሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ወዳለው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ሪፈር ሊባል ይችላል። አብሮት የሚሄደው ሰው በወረቀት ጽፎ ይያዝ፦ የኬሚካሉ ስም፣ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የፈሰሰበት ሰዓት፣ እጥበቱ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። መለያውን በስልክ ፎቶ አንሱት። የተበከለው ልብስ በወፍራም ፌስታል ታስሮ ይቅር፤ መኪና ውስጥ አይግባ።

ውሃው በዚያች ደቂቃ እንዲኖር

ይህ ሁሉ ቧንቧው ከደረቀ ከንቱ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ መድረቁ አይቀርም። ስለዚህ ለአደጋ የሚሆን ውሃ ለብቻው፣ ከሥራው ውሃ ጋር ሳይገናኝ ይቀመጥ።

ሒሳቡ እነሆ። በብዙ ፋብሪካዎች የሚሠራበት የአሜሪካ ስታንዳርድ ለድንገተኛ ሻወር በደቂቃ 76 ሊትር ገደማ ለ15 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ይህ 1,140 ሊትር ነው። ስለዚህ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ቢሞላም አይደርስም፣ ባለ 2,000 ይግዙ፤ እሱም በዚህ ፍሰት 26 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው፣ የአልካሊው 1 ሰዓት ከዚያ በኋላ በጎማ ወይም በባልዲ ይሞላል። የዓይን ማጠቢያ በደቂቃ 1.5 ሊትር ነው፤ ለ30 ደቂቃ 45 ሊትር። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ደቂቃ እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ሮቶው ከፍ ባለ ብረት ላይ ይቀመጥ፤ የሻወሩ ራስ ከወለል ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ይሁን። ቧንቧው ከ1 ኢንች አይነስ፣ ውሃው ያለ ፓምፕ የሚወርድ ከሆነ 1 ኢንች ተኩል ይሻላል። ፍሰቱን መለካት ቀላል ነው፦ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከሻወሩ ሥር አድርጉ፣ በ16 ሰከንድ ውስጥ መሙላት አለበት። 30 ሰከንድ ከፈጀ ቧንቧው ጠቧል ወይም ሮቶው ዝቅ ብሏል። ቫልቩ በአንድ መጎተት የሚከፈትና ሲለቁት ክፍት ሆኖ የሚቀር ይሁን፤ እየዞረ የሚከፈት ቧንቧ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው አይሆንም።

አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ ፀሐይ። ጥቁር ሮቶና ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ቧንቧ ቀትር ላይ ውሃውን ያግሉታል፤ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ዓይንን ይጎዳል፣ ኬሚካሉም በፍጥነት እንዲሠራ ያደርጋል። ሮቶውን በዳስ ሸፍኑት፣ ቧንቧውን በጥላ አሳልፉት ወይም ጠቅልሉት። ሙቀቱን ስምንት ሰዓት ከቀትር በኋላ ለኩት እንጂ ጠዋት አይደለም።

ኬሚካል ከሚቀዳበት እስከ ሻወሩ 10 ሰከንድ፣ ማለትም 16 ሜትር ያህል፣ ያለ ደረጃና ያለ በር መሆን አለበት። መንገዱ ላይ ከረጢት ሲደረደር ዝም ያለ ፎርማን ሻወሩን ዘጋው ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት፤ ዝገቱና ደለሉ ይውጣ።

እንዳይፈስ

አሲድ ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውሃው፣ ቀስ እያለ። ውሃ አሲድ ላይ ከተጨመረ ላዩ ላይ ወዲያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ኮስቲክ ሶዳም እንዲሁ፦ ሶዳው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በትንሽ በትንሹ፣ እየተማሰለ። ሙቅ ውሃ ከተጠቀሙ ይገነፍላል። ሳሙና የሚሠሩ ብዙዎች በብረት ድስት ይበጠብጡታል፤ ድስቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ሶዳው ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝም ይወጣል። ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

አሲድ ወይም ኮስቲክ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀዳ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። የጠማው ሰው ያነሳዋል። በጎማ በአፍ ስቦ መቅዳትም ይቅር፤ የእጅ ፓምፕ ውድ ዕቃ አይደለም።

ጓንት ናይትራይል፣ ኒዮፕሪን ወይም ወፍራም ፒቪሲ ይሁን፤ የጨርቅና የቆዳ ጓንት ኬሚካሉን መጥጦ እጅ ላይ ያቆየዋል፣ ከባዶ እጅ ይብሳል። ከመልበስ በፊት አየር ሞልታችሁ ጠቅልሉት፤ የሚያፈስ ከሆነ ቀዳዳ አለው። እጅ ወደ ላይ የሚነሳ ሥራ ከሆነ አፉን ወደ ውጭ እጠፉት፣ የሚወርደው ክንድ ላይ እንዳይገባ። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይሁን፣ ሽርጡ ከቦቲው አፍ በታች ይውረድ። ተራ መነጽር ከጎን ክፍት ነው፤ ዙሪያውን የሚገጥም ያስፈልጋል።

ወረቀቱ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ፣ ለተጎዳው በጊዜው የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠትና በተገቢ ማጓጓዣ ወደ ሕክምና ማድረስ፣ ጉዳቱን ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። የተሰጠውን መከላከያ መጠቀም ደግሞ የሠራተኛው። ውል በጽሑፍ አለመደረጉ ሠራተኛውን በአዋጁ ያለውን መብት አያሳጣውም። የአደጋው ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ኬሚካሉና የምስክሮች ስም በዚያው ቀን ተጽፎ ይፈረም፤ ከሕክምና ማስረጃው አንድ ቅጂ ተጎጂው እጅ ላይ ይቅር። የዓይንና የእጅ ጉዳት ወራት ቆይቶ ጠባሳና መጨማተር ስለሚያመጣ የቀጠሮ ወረቀቶቹም አብረው ይቀመጡ።